ድመቱ ያተረፈበት፣ አዝማሪው የሚከስርበት ገበያ

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር መካነ ኢየሱስ የሄድኩት ለዚሁ ገፅ የስንዴና የገብስ ዋጋ ለማጣራት ነበር። ጥር በእስቴ ሁለት ገበያ አንድ ላይ የሚደራበት ወር ነው። ከአውድማ የተነሳው እህል ወደ በረንዳ ይወጣል፤ ጎተራው የሞላለት ገበሬም ልጁን ይድራል። የእህሉን ዋጋ በግማሽ ቀን ጨረስኩ። ሌላውን ገበያ ያየሁት ግን ሳላስበው ነው፤ ሂሳቡም እስከ ዛሬ አልዘጋልኝም።

ከእህል በረንዳው ፊት ለፊት ስፋቷ ከአንድ ጋሪ የማይበልጥ ሱቅ ነበረች። ውስጧ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ድምፅ ማጉያና አንድ ጎረምሳ። የልጁ ሥራ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪና በፍላሽ መጫን ነው። ገበሬው ሞባይሉን ያቀብለዋል፤ ልጁ ሚሞሪዋን አውጥቶ ይሞላታል፤ ብሩን ተቀብሎ ይሸኘዋል። የመብራት፣ የኪራይና የኮምፒውተር ወጪ አለበት። የሚሸጠው ሸቀጥ የገባበት ዋጋ ግን ዜሮ ነው። እንዲህ ያለ ንግድ በዩኒቨርሲቲ አላስተማሩንም።

በዚያን ዕለት የሱቋን በር ሕፃናት ዘግተውታል። ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ወፍራም ድመት ይታያል። እንግሊዝኛውን ከመሃላቸው የሚሰማ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ይስቃል። ድመቱን አወቅሁት፣ ጋርፊልድ ነው። ፊልሙም «ጋርፊልድ ወደ ሆሊውድ ሄደ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው፣ ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1987 ያቀረበው የግማሽ ሰዓት የካርቱን ልዩ ዝግጅት ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ወራት የቀሩት ፊልም በምን መንገድ እስቴ እንደደረሰ ጎረምሳውን ጠየቅኩት። «ፍላሽ ላይ መጣ» አለኝ። ከዚያ በላይ ታሪክ አልነበረውም።

እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ከድመቱ ቀጥሎ «የእስቴ ማሲንቆ» የሚል ፎልደር ነበር። ዋጋቸው እኩል ነው። የድመቱ ባለቤትም የማሲንቆው ባለቤትም ከዚያች ሱቅ ሳንቲም አያገኙም። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ድመቱ ሆሊውድ ሲገባ

ታሪኩ አጭር ነው። ጆን የተባለው የድመቱ ጌታ በቴሌቪዥን የቤት እንስሳት የሚወዳደሩበት የተሰጥኦ ዝግጅት ያያል። ነገሩ በዚያን ዘመን አሜሪካን ያነጋግር በነበረው «ስታር ሰርች» በተባለው የኮከብ ፍለጋ ውድድር ላይ የተሠራ ፌዝ ነው። ጆን ድመቱንና ኦዲ የተባለውን ውሻ ይዞ ይመዘገባል፤ ሦስቱ የባንድ ስም አውጥተው፣ ለብሰውና አጊጠው ይወጣሉ፤ ሳይታሰብ የአካባቢውን ዙር አሸንፈው ሆሊውድ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ፊልሙ ይጣፍጣል። ጆን ገና ሳያሸንፍ ኮከብ ሆኗል። አነጋገሩ ተለወጠ፣ አለባበሱ ተለወጠ፣ ያልመጣውን ገንዘብ በሐሳቡ መመንዘር ጀመረ። ሰነፉ ድመት ግን ሂሳብ ያውቃል። ዝና ቢመጣ የሚጠፋው እንቅልፉና ሰሃኑ መሆኑን ቀድሞ አይቶታል። ስለዚህ ከውሻው ጋር መክረው የጆንን ጊታር ይሰብራሉ። ለፍጻሜው ሁለቱ ብቻ በጭፈራ ይቀርባሉ፤ አንደኝነቱን ኦፔራ የምትዘፍን ድመት ትወስዳለች፤ ለእነ ጋርፊልድ የሁለተኝነት ሽልማት ጀልባ ይሰጣቸዋል። (ጀልባ በእስቴ ገበያ ደንበኛ የሚያገኝ አይመስለኝም። በዓይነት የሚሰጥ ሽልማት የማይመነዘርበት ቦታ ሲደርስ ዕዳ ነው፤ ማደሪያና ጠባቂ ይፈልጋል።)

ፊልሙ በዝና ያሾፋል፤ በዝና እየነገደ ነው ግን የሚያሾፈው። ይህን ለመረዳት የድመቱን የንግድ መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል።

ጋርፊልድን የፈጠረው ጂም ዴቪስ በኢንዲያና ግዛት በእርሻ መካከል ያደገ ሰው ነው። ከድመቱ በፊት ስለ አንዲት ትንኝ ካርቱን እየሳለ ለዓመታት ቢለፋም ትልቁ ገበያ አልተቀበለውም። ከዚያ ቁጭ ብሎ ገበያውን አጠና። በጋዜጦች ላይ ውሻ ሞልቷል፤ ድመት የለም። «ስኑፒ» የተባለው ውሻ ከጌታው ከቻርሊ ብራውን ይልቅ በአሻንጉሊትና በካናቴራ ላይ እንደሚሸጥም አስተዋለ። ድመቱን ሲሥል ለሽያጭ የሚመች ገፀ ባሕርይ ለማግኘት ሆን ብሎ እንደሠራ ራሱ ሳይደብቅ ተናግሯል። አርቲስቶች በዚህ ይቀየሙታል፤ በዚህ ገፅ አንባቢ ዘንድ ግን የሚያስነቅፍ አይመስለኝም።

ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1978 በ41 ጋዜጦች ላይ ወጣ። በ1981 ዴቪስ «ፖውስ» የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ የፈጠራውንና የላይሰንሱን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገ። በ1980ዎቹ ውስጥ እግሮቹ ላይ የጎማ መጣበቂያ ያለው የጋርፊልድ አሻንጉሊት የአሜሪካ መኪኖችን መስታወት ሞላ። በ1994 ኩባንያው ቀደም ሲል በጋዜጣ አከፋፋዩ እጅ የነበረውን መብት ገዛ። ካርቱኑ ከ2,500 በላይ ጋዜጦች ላይ በመውጣት በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። በመጨረሻም በ2019 ቪያኮም የተባለው ግዙፍ የመገናኛ ኩባንያ ፖውስን ገዛው።

እንግዲህ አስተውሉ። በፊልሙ ውስጥ ድመቱ ውድድሩን ተሸነፈ፤ ከፊልሙ ውጭ ግን ያሸነፈው ድመቱ ነው። ጆን የፈለገው መድረኩን ነበር፤ ዴቪስ የያዘው መብቱን። መድረኩ በግማሽ ሰዓት አለቀ፤ መብቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ተሸጠ።

ሸርዊን ሮዘን የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ፖውስ በተቋቋመበት በዚያው በ1981 ስለ ኮከቦች ገቢ አንድ የታወቀ ጥናት አሳትሞ ነበር። ነጥቡ ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ዘፋኝ ከሌላው በጥቂት ብቻ ቢበልጥም፣ ካሴትና ቴሌቪዥን ድምፁን ያለ ተጨማሪ ወጪ ለሚሊዮኖች ስለሚያደርሱለት ገቢው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። መካነ ኢየሱስ ላይ ግን የጎደለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፤ ድምፁ ለሚሊዮኖች ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ ሂሳብ የሚሰበስብ ሰው መኖር አለበት።

«ባላገሩ አይዶል»

በዚያው ምሽት የእህል ነጋዴው፣ ቀን ዋጋ የጠየቅኩት ሰው፣ ወደ ጠጅ ቤት ወሰደኝ። አዝማሪው ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱም አያቱም ማሲንቆ ይዘው በሰርግ የኖሩ ናቸው። ድምፁን ስሰማ ቀን ሱቋ ውስጥ ከሰማሁት ፎልደር አንዱ እሱ መሆኑን አወቅሁ። አንድ የሰርግ እንግዳ በሞባይል ቀርፆት ዩቲዩብ ላይ ጭኖታል፤ ከዚያ ወርዶ በሚሞሪ ተመልሶ መጥቷል። ባሕር ዳር መናኸሪያ ሲደርስ የገዛ ድምፁን በአውቶቡስ ውስጥ እንደሰማ ነገረኝ። «ለረዳቱ፣ ይኼ እኔ ነኝ አልኩት። ሂሳብ አምጣ ዝም ብለህ፣ አለኝ።»

ነጋዴው ልጁን ይወደዋል። አዲስ አበባ ወስዶ በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ ሊያቆመው አስቧል። ሱፍ ልብስም አዝዞለታል። ስሙ ሲነሳ የእሱም ስም አብሮ እንዲነሳ ይፈልጋል፤ ይህንንም አልደበቀኝም።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ለጋዜጠኛው ስለ ጉዟችን ግጠምለት» አለው።

ልጁ ማሲንቆውን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ወስደው ሱፍ አልብሰው ከተማ አስለመዱት፣
ባላገሩ አይዶል ዛሬ ያያችሁት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ለአዲስ አበባ አንባቢ ልፍታው። በዚያ አካባቢ አነጋገር «አይዶል» ማለት «አይደለም» ማለት ነው። ሰሙ ታዋቂው ውድድር ነው፤ ወርቁ «ይህ ሱፍ የለበሰ ሰው ባላገሩ አይደለም» የሚል ነው። አሜሪካኖቹ ግማሽ ሰዓት ካርቱን የፈጁበትን ነገር ልጁ በሁለት ስንኝ ጨረሰው። ነጋዴው ራሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ገባው፤ ቀጥሎ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት።

ያቺ ብር የምሽቱ ብቸኛ ትክክለኛ ክፍያ ነበረች። አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው በእጅ በእጅ ነው። ሰሚው ፊቱ አለ፤ ዋጋው ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፤ ዱቤ የለም። ሞባይሉ የመጣው ይህን ሒሳብ ለማፍረስ ነው። ፊቱ የነበሩት ሃምሳ ሰሚዎች ዛሬም ይከፍላሉ፤ ፊቱ የሌሉት ሺዎች ግን የሚከፍሉት ለጎረምሳው፣ ለቀረፀው ሰውና ለስልክ ኩባንያው ነው።

የጉዞው ሂሳብ

ጠጁ ሳይበዛ ወረቀት አውጥቼ ከነጋዴው ጋር የጉዞውን ወጪ ጻፍን። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ልብስ። ነጋዴው እዚህ ላይ አቁሞ ደመረ። እኔ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የጥርና የሚያዝያ ሰርግ። ልጁ ለማጣሪያ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያመልጡት ሰርጎች ወጪ ናቸው፤ ደረሰኝ ስለሌላቸው ብቻ አይታዩም። ያ መስመር ሲገባ ድምሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ነጋዴውም ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

በገቢው በኩል ምን አለ? ዕድል። ውድድሮቹን አላጣጥልም፤ ከገጠር የመጣ ድምፅ በሀገር ደረጃ የተሰማው በእነሱ ነው። ነገር ግን የባላገሩ አይዶል የመጀመሪያው አሸናፊ ዳዊት ጽጌ እንኳ ከድሉ በኋላ የራሱን አልበም ለማውጣት ዓመታት ወስዶበታል። ያ አንደኛ የወጣው ነው። ከማጣሪያው የተመለሰውን ማንም አይቆጥረውም።

ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ጣቢያው ለካርቱኑ ከፍሎ ያሳያል። በእኛ ሀገር ልማዱ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒ ነው። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል፤ የገዛውን ለማካካስ ስፖንሰር ፍለጋ በየቢሮው ይዞራል፤ ቢራ፣ ባንክ፣ ሳሙና። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ተወዳዳሪው ሻጭ አይደለም፤ ሸቀጥም ሙሉ በሙሉ አይደለም። ማስታወቂያው እስኪመጣ ሰዉን የሚያቆየው ነው። ይህን ስል አዘጋጆቹ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ የእነሱም ትከሻ ከበድ ያለ ዕዳ እንደሚሸከም ግን አውቃለሁ።

ሕጉስ?

ሕግ የለም የሚባለው ውሸት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ ሮያሊቲ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲቋቋም መንገድ ተከፍቷል። አዋጁ «ከዋኝ» የሚለው ሰው፣ ማለትም ዘፋኙ ወይም ተጫዋቹ፣ ያልተቀረፀ ክዋኔው ያለ ፈቃዱ እንዳይቀረፅና እንዳይሰራጭ የመከልከል መብት አለው። ጥበቃውም 50 ዓመት ይቆያል። በሌላ አነጋገር፣ ያ የሰርግ እንግዳ ሞባይሉን አንስቶ ቀርፆ ለሕዝብ ሲያሰራጭ መጠየቅ ነበረበት። መብት ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በጠጅ ቤት ቃል አይሆንም።

ገፀ ባሕርይ ወይም የባንድ ስም ያለው ሰው ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት ስሙን ማስመዝገብ ይችላል። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ባለሱቁ የብስኩቱን ስም የሚያስመዘግብበት መስኮት እና አዝማሪው ስሙን የሚያስመዘግብበት መስኮት አንድ ነው።

ይህንን ለልጁ ስነግረው የጠየቀኝን እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም። «ግጥሙ የሚወለደው ዕለቱን ነው፤ ሰርገኛው ፊት። ነገ ሌላ ነው። የትኛውን ነው የማስመዘግበው? ዜማውስ የአባቶቼ አይዶል?» አለኝ። (ይህኛው «አይዶል» ፌዝ አልነበረበትም።) የዜማው መንገድ የሀገር ነው፤ ማንም ሊያጥረው አይገባም። እሱ በዚያች ሌሊት በዚያ ድምፅ የተጫወተው ግን የእሱ ነው፤ ከተቀረፀ በኋላ ደግሞ ሊሸጥ፣ ሊከራይና ሊወረስ የሚችል ንብረት ነው።

የቀጭኔዋ መንገድ

በሀገራችን ገፀ ባሕርይ ፈጥሮ ባለቤትነቱን ይዞ መቆየት እንደሚቻል ያሳየች አንዲት ቀጭኔ አለች። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 አዲስ አበባ ውስጥ «ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ»ን አቋቋመች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው ፕሮግራም በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀመረ። ፀሐይ በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። ፕሮግራሙ በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ፤ ብሩክታዊት በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች፤ ድርጅቱም ቆይቶ ሦስት የኢትዮጵያ ልጃገረዶችን ጀግና ያደረገ «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘ የካርቱን ተከታታይ ሠራ።

ፀሐይ ልጆችን ለማስተማር እንጂ በዝና ለማሾፍ አልተፈጠረችም፤ ከጋርፊልድም ጋር በገንዘብ አትወዳደርም። አሠራሩ ግን አንድ ነው። አየር ላይ የሚወጣው ያልፋል፤ ቀጭኔዋ በፈጣሪዋ እጅ ትቀራለች። መጽሐፍ ቢሆን፣ ሬዲዮ ቢሆን፣ ካርቱን ቢሆን፣ ከእሷ ይመዘዛል። እኛ ግን ገንዘባችንን የምናወጣው ለመድረክ፣ ለመብራት፣ ለሱፍ ልብስና ለሽልማት መኪና ነው፤ ለገፀ ባሕርይና ለተቀረፀ ድምፅ የሚያወጣ ባለሀብት እምብዛም አላየሁም። ሁለተኛ ፎቅ የሚሠራበት ሲሚንቶ ይታያል፤ መብት አይታይም። ባንክም በመያዣነት እንዲይዘው ቢጠየቅ ምን እንደሚል አንባቢ ይገምተው።

ለነጋዴው ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነበር። ለሱፉና ለአዲስ አበባ አልጋ ከሚያወጣው ባነሰ ገንዘብ ባሕር ዳር ስቱዲዮ ገብተው የልጁን አሥር ዘፈን በደንብ ያስቀርፁ፤ ድርሻቸውን በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ልጁ የገዛ ስሙን ያስመዝግብ፤ በዚያ ስም ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ይክፈቱ። ያቺ ሱቅ መጫኗ አይቀርም፤ ቢያንስ የሚጫነው ጥራት ያለውና የሰርግ ስልክ ቁጥሩን የሚያስተዋውቅ ይሁን። ሰው በሚሞሪ ሰምቶ ለሰርጉ ይጠራዋል፤ ሰርግ ደግሞ በሚሞሪ አይጫንም።

ነጋዴው አሰበበት። ከዚያ «ወረቀት ከተፈራረምን ልጁ አያምነኝም» አለ። ልጁ ደግሞ ለብቻዬ ሲያገኘኝ «አያ ካልፈረሙ እንዴት አምናለሁ?» አለኝ። ሁለቱም ፊርማውን ፈሩት፤ የፈሩበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው። እኔም በነጋታው ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ወጣሁ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ለወራት ያህል ዩቲዩብ የሚባለው ነገር በዚያ አካባቢ ስሙ ብቻ ቀረ። ለነጋዴው ስልክ ደውዬ ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው። መንገዱ ሲከፈት እህል እንደሚንቀሳቀስ፣ ሲዘጋ እንደሚቆም፣ ሰርግም እንደቀነሰ ነገረኝ። የልጁን ነገር ጠየቅኩት።

«አለ፣ ደህና ነው። ዘፈኑማ አሁን ነው የተሰማ። ኔትወርክ የለ፣ ሰው ሁሉ ወደዚያች ሱቅ ነው የሚሄድ። ጎረምሳው ሁለተኛ ኮምፒውተር ገዛ።»

«ውሉስ?»

«አልፈረምንም።» ጥቂት ዝም አለ። «ሱፉ ግን ተሰፍቶ አልቋል። መጋዘን ውስጥ ከጆንያው በላይ ሰቅየዋለሁ፤ አይጥ እንዳይበላው።»